ቋጠሮ ፈቺዎቹ፦ የቡና አገር የቃል ጨዋታ ታሪክ

«እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ!» ጥያቄው ይወረወራል። ተጠያቂው ያስባል፣ ይገምታል፣ ይስታል። መልሱ እምቢ ሲለው ጠያቂው «በል አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው ጎንደርን ሊሰጥ ይችላል፤ ሐረርን፣ ደሴን፣ ጅማን ሊሰጥ ይችላል። ጠያቂው መልሱን የሚገልጠው አገሩን ከተረከበ በኋላ ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ሕፃን ከምድጃ ዳር ሳይነሣ ግማሽ ኢትዮጵያን ወርሶ ያድራል፤ የአገሩንም ከተሞች ስም በዚያው ይማራል።

ይህ ትረካ በጨዋታው ከሚሰጡት ከተሞች ስለ አንዷ፣ ስለ ጅማ፣ እንዲሁም በዙሪያዋ ስላሉ የቡና ከተሞች ነው። ከመነሻው ግን አንድ ቃል እንያዝ። በአማርኛ እንቆቅልሽ ይፈታል። ሕልም ይፈታል። ቋጠሮ ይፈታል። እስረኛም ይፈታል። መዝገበ ቃላት ለአንድ ቃል የሚሰጠው ትርጉም ፍቺ ይባላል። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «ሂኩ» ማለት የታሰረን መፍታት፣ ትርጉምን መግለጥ፣ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መተርጎም ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የታሰረን መፍታትንና ትርጉምን መግለጥን በአንድ ግስ የጠሩት በከንቱ አይመስለኝም። የዚህ አገር የቃል ጨዋታ ታሪክ ከታሰሩና ከተፈቱ ሰዎች ታሪክ ተለይቶ አይነገርም።

በፈረስ ስም የተሸሸጉ ነገሥታት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ቆመው ነበር፦ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። ሊሙን ከ1825 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. የገዙት አባ ባጊቦ ነበሩ፤ መናገሻቸው ሰቃ የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። በ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ደግሞ ሰና የተባሉ መሪ የጅማን አገር በአንድ ሥልጣን ሥር ሰብስበው አባ ጅፋር ተባሉ።

አባ ጅፋር እናት ያወጣችው ስም አይደለም፤ የፈረስ ስም ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራል፣ «አባ» የሚለው ቃልም የፈረሱ ጌታ መሆኑን ይናገራል። ይኸው ልማድ በአማርኛ ተናጋሪው አደባባይም ነበረ። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ናቸው። ፎካሪው የፈረሱን ስም ብቻ ይጠራል፤ ስሙን ለባለቤቱ የሚመልሰው አድማጩ ነው። አንዱን ቃል ሰምቶ በሌላው መተካት፣ የተሸሸገውን ሰው ከስሙ ጀርባ ማውጣት፣ የቃል ጨዋታ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ፉከራውን ሰምቶ ስለ ፈረስ የተወራ መስሎት ይሄዳል።

በጅማ፣ ከጅሬን ኮረብታ በታች፣ የሂርማታ ገበያ ነበር። ቡና፣ ማር፣ የዝባድ ሽቶ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በዚያ ክፉ ዘመንም የሰው ልጅ ራሱ በዚህ አገር ገበያዎች ይሸጥ ነበር። ነጋዴው እስላም ስለ ነበር ከሸቀጡ ጋር የዐረብኛ ቃል ይዞ ይመጣል። በቡና ሥርዓታችን የመጀመሪያው ሲኒ አቦል መባሉ ከዐረብኛው «አወል» ከመጀመሪያ፣ የመጨረሻው በረካ መባሉ ደግሞ ከ«በረካ» ከበረከት የመጣ ነው ይባላል። ወ ወደ ቦ ዞረች፤ ባዕዱ ቃል የቤት ልጅ ሆነ። ቡና የሚያፈላ ሁሉ ሳያውቀው በየቀኑ አንድ የፊደል ለውጥ ይጠራል።

ማታ ሥራ ሲያበቃ በኦሮምኛ ተናጋሪው ቤት የሚመጣው ጨዋታ «ሂቦ» ይባላል፤ የአማርኛው እንቆቅልሽ ወንድም ነው። ሂቦው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በአፍ ይተላለፋል። በወረቀት ላይ የሰፈረ አልነበረም። አስፋሪው እስኪመጣ ድረስ ብዙ ዓመት ማለፍ ነበረበት፤ አስፋሪዋም የመጣችው ከዚያው ከሊሙ በመከራ መንገድ ነው።

ሂካ እና ጋኖ

በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ አንድ ሕፃን ተወለደ፤ ወላጆቹ ሂካ አሉት። ስሙ ከዚያው «ሂኩ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው፤ ፈቺ፣ ተርጓሚ እንደ ማለት። ሂካ ገና በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተያዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ በመጨረሻ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። በዚያ በምጽዋ አጠገብ በኢምኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ።

ይህም ስም ራሱ የቃል ጨዋታ አለበት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚማልድለት ባሪያ ስሙ ይኸው ነው፤ ስሙ በግሪክኛ «ጠቃሚ» ማለት ነው። ጳውሎስም በዚያ መልእክት ይህ ሰው ቀድሞ የማይጠቅም እንደ ነበረ፣ አሁን ግን ለሁለታቸውም እንደሚጠቅም ሲጽፍ፣ በስሙ ትርጉም ላይ በሌላ ተመሳሳይ ቃል ይጫወታል። የሁሩሙው ልጅ በአንድ ዕድሜ ሁለት ስም ተሸከመ፤ አንዱ «ፈቺ»፣ ሁለተኛው «ጠቃሚ»። ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ደጋግሞ ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋበት። ስለዚህ እዚያው በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ቋንቋውን ወደ ጽሑፍ ማምጣት ጀመረ።

ኦነሲሞስ ገና በልጅነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው ነበር። ቋንቋውን በሙሉ ጣዕሙ ለመጻፍ ረዳት ያሻው ነበር። ረዳቷ በ1886 እ.ኤ.አ. ደረሰች።

ጋኖ ነፃ ልጅ ሆና የተወለደች፣ በኋላ በሊሙ ንጉሥ እጅ ወደ ባርነት የወደቀች ልጃገረድ ናት። ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትጓዝ የጣሊያን መርከቦች ደርሰው ነፃ አወጧት፤ ወደ ኢምኩሉ ተወሰደች። በጥምቀት አስቴር ተባለች። ከሊሙ ያመጣችው ንብረት አልነበራትም። የያዘችው ቋንቋዋን ነበር፤ እናቶችና አያቶች በምሽት የተጫወቱትን፣ ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ ዘፈኑን፣ ሂቦውን።

ያንን ሁሉ ጻፈችው። ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ከትውስታዋ አውጥታ በወረቀት አሰፈረች። ለኦነሲሞስ የመዝገበ ቃላት ሥራም ቃላትን ሰበሰበች። ከጻፈችው ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። መጽሐፉ «ጀልቀበ በርሲሳ» ይባላል፤ የማስተማር መጀመሪያ እንደ ማለት። የኦሮሞ ልጅ በቋንቋው ማንበብ ሲማር በፊቱ ከቆሙት የመጀመሪያ ገጾች መካከል እንቆቅልሽ ነበረበት። ፊደል የቆጠረው እየፈታ ነው።

እስቲ ሥራዋን ቀረብ ብለን እንየው። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። አስቴርና ኦነሲሞስ ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው «ለፈ» እና «ላፋ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢያጋጥሟቸው ችግር የለም፤ የመጀመሪያው ምድር፣ ሁለተኛው ለስላሳ ነው። የአጭሩን ድምፅ ግዕዙ፣ የረጅሙን ራብዑ ይሸከመዋል። ነገር ግን «መስረቅ» እና «ሌባ» ሲመጡ ፊደሉ ይሸነፋል። የኦሮምኛው መስረቅ ተ ላልታ ትነገራለች፣ የሌባው ተ ጠብቃ ትነገራለች፤ በፊደላችን ግን ሁለቱም «ሀቱ» ናቸው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ተነሥቶ ራሱ መፍታት አለበት። ይህ በአማርኛም የምናውቀው ነው። «ሰፊ ቤት ሄድኩ» ብዬ ብጽፍ ፈ ጠብቃ ስትነበብ ቤቱ ትልቅ ነው፤ ፈ ላልታ ስትነበብ የሄድኩት ልብስ ወደሚሰፋ ሰው ቤት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ የነገሩ ራስ ነው፤ ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው። «ገና»ም እንዲሁ በዓልም ይሆናል፣ ያልደረሰ ነገርም ይሆናል።

እንደ ኦሮምኛው ድ ያለውን በጉሮሮ የሚጸና ድምፅ ለመጻፍም ደ ላይ ምልክት ጨምረው ዸን ያበጁ ጸሐፊዎች ነበሩ። በዚህች ፊደል የሚጻፍ አንድ ቃል በጅማ መንገድ በየቤቱ ደጃፍ ይሰማል፦ «ኮታ፣ ቡነ ዹጋ!» ኑ፣ ቡና ጠጡ። «ዹጋ» ለብዙ ሰው የሚነገር «ጠጡ» ነው። በኦሮምኛ እውነትም «ዹጋ» ነው። ጎረቤት ለቡና ሲጠራ በዚያው ድምፅ የእውነትን ስም ይጠራል። በግዕዝ ቅኔ ቤት ቢሆን ይህን ቃል ኅብር ይሉት ነበር፤ በአንድ ድምፅ ሁለት ትርጉም የተሸከመ ቃል።

ሁለቱ የደከሙበት የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ታተመ። መጽሐፉ የሚታወቀው በኦነሲሞስ ስም ነው፤ የአስቴር ድካም ግን በእያንዳንዱ ገጽ ውስጥ አለ። በ1904 ሁለቱ ወደ ወለጋ ገቡ፤ አስቴር በነቀምቴ አስተማሪ ሆነች። ኦነሲሞስ በ1931፣ አስቴር በ1964 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከሊሙ በሰንሰለት የወጣች ልጅ የአገሯን ቋጠሮ ለልጆች ስታስፈታ ኖረች።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም መጡ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ የደቡብ ምዕራቡን ኦሮሞ ሥነ ቃል ሰብስቦ በ1922 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አሳተመ። ዓለም ያንን መጽሐፍ ያውቀዋል። አስቴር የጻፈችው ግን ከእሱ 28 ዓመት ቀድሞ ታትሟል፤ ይህ መባል አለበት።

ከሰሜን የመጣው ሰምና ወርቅ

ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ግብር እየከፈሉ የጅማን ውስጣዊ አስተዳደር ለ50 ዓመት ያህል ጠብቀው ኖሩ። በ1932 እ.ኤ.አ. ያ ነፃነት አበቃ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት አረፉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ቄሱ፣ ነጋዴው ከየአገሩ መጣ። ከነሱም ጋር ሌላ የቃል ጨዋታ ትውፊት ገባ፤ ስሙም ሰምና ወርቅ ነው።

ስሙ ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለስነዋል፤ እሳት ላይ ሲያኖረው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ ይወጣል። ባለ ቅኔውም እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት የሚሰማው ነገር ሰም ነው፣ የተሸሸገው ወርቅ። ዋሸራን በመሳሰሉ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ዛሬ አይደግምም።

መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው ኅብር ነው። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። ሦስተኛው ቃሉን በሌላ ቦታ መቁረጥ ነው። ለምሳሌ «ጅማና አጋሮ» ስንል ሁለት ከተሞችን በና አያይዘናል፤ ትንፋሻችንን ከ«ጅማ» በኋላ ብንቆርጥ ግን «ጅማ ና» ሆኖ ግብዣ ይወጣል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ማያያዣው ጥሪ ሆነ። አራተኛው መሣሪያ የፊደል ለውጥ ነው።

ለዚህ አራተኛው መሣሪያ የኖሩለት ሰው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በአደራ ተቀብለው ለብዙ ዓመታት ደከሙበት፤ በ1936 ዓ.ም. ሳያሳትሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ወስደው በ1948 ዓ.ም. «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ብለው አሳተሙት። አንድ መዝገበ ቃላት ሦስት ትውልድ ፈጀ።

አለቃ አጥብቀው የያዙት ነገር በአማርኛ ድምፃቸው የተመሳሰለ ፊደላት በግዕዝ የተለያየ ቃል እንደሚያወጡ ነው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች፣ በራች ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ ነው። ኀለየ አሰበ፣ ሐለየ ዘመረ ነው። በዘመናቸውም ከሳቸውም በኋላ «ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ይቀነሱ» የሚል ክርክር በአገራችን ተነሥቶ ነበር። ለጽሕፈት መኪናና ለተማሪ ይቀላል የሚሉት ሰዎች ሐሳብ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሠን ስናጣ የፀሐይን መውጣት ከሌብነት የምንለይበትን ምልክት እናጣለን። በኔ በኩል የአለቃ ወገን ነኝ።

«ከፋ በደሌ»

1940ዎቹና 1950ዎቹ ዓ.ም. የቡና ዘመን ነበሩ። በ1952 እ.ኤ.አ. ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ በ1999 እ.ኤ.አ. የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የሂርማታ ገበያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በበጋ ጥሩ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው ይወጣበት እንደ ነበር አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ኸርበርት ሉዊስ ጽፏል። አማርኛም ኦሮምኛም፣ ዳውሮኛም ከፍኛም፣ የም ሰዎች ቋንቋም በአንድ ሜዳ ይሰማ ነበር።

የጠቅላይ ግዛቱ ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተዘጋጀ ኅብር ነው። «ከፋ» ፈ ላልቶ አገር ነው፤ ፈ ጠብቆ ክፉ መሆን፣ መባስ፣ ማዘን ነው። በአካባቢው በደሌ የምትባል ከተማ አለች። አንድ መንገደኛ ከርሞ ቢመለስና «የት ነበርክ?» ሲባል «ከፋ በደሌ» ብቻ ብሎ ቢመልስ፣ የዋህ ጠያቂ ሁለት የቡና አገሮች ተቆጠሩልኝ ብሎ ይሄዳል። ጥብቀቱን የሚያዳምጥ ጠያቂ ግን ሰውየው ጥፋቴ በዛ ብሎ እየተናዘዘ መሆኑን ይሰማል። ሰሙ ጉዞ ነው፤ ወርቁ ንስሐ ነው።

የአካባቢውን ካርታ በዚህ ዓይን የሚያይ ሰው ሥራ አይፈታም። ከጅማ ወደ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ ዋንዛና ግራር ያጠሉበት ቡና ነው። አንባቢዬ በአውቶቡስ መስኮት በኩል እንደ ተቀመጠ ቆጥሮ እነዚህን አምስት ይሞክር።

አንድ፦ በጅማ ጫፍ አንድ ፊደል ጨምር፤ ሥጋን ከአጥንት የሚያስረውን ታገኛለህ። ሁለት፦ ከሊሙ ፊደላት አንዳቸውንም ሳትጥል ድምፃቸውን ብቻ ለውጥ፤ ጉንፋን ሲይዝህ ሻይህ ላይ ትጨምቀዋለህ። ሦስት፦ የአጋሮን የመጨረሻ ፊደል ወደ ሳድስ መልስ፤ በችግርህ ቀን ከጎንህ የሚቆም ሰው ይሆናል። አራት፦ ጎማን ምንም አትለውጥ፤ ይህን አውቶቡስ ተሸክሞ የሚሄደውን ንገረኝ። አምስት፦ የሲኒን ሁለት ሣልሶች አንዱን ወደ ግዕዝ፣ አንዱን ወደ ኃምስ ውሰድ፤ የቡና ችግኝ የሚተከልበት ወር ይመጣል።

አገር ከመስጠትህ በፊት ትንሽ አስብ። መልሶቹ ጅማት፣ ሎሚ፣ አጋር፣ ጎማ፣ ሰኔ ናቸው። ጎማ በአጋሮ ከተማ ዙሪያ ያለው ወረዳ፣ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት የአንዱ ስም ነው፤ መኪና ሲመጣ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣው ጎማ አብሮ መጣና የድሮው የመንግሥት ስም ሳያስበው ኅብር ሆነ። ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ አለውና፣ አናባቢውን ለመለወጥ አዲስ ፊደል መጨመር አያስፈልግም፤ የያዝነውን እግሩን ወይም ክንዱን መንካት ይበቃል። ቡናን ወደ ቡኒ ለመውሰድ፣ ከፍሬው ወደ ቀለሙ ለመሻገር፣ የና እግር ተነሥቶ የኒ እግር ሲተካ ነገሩ አለቀ።

ፊደል ሲለወጥ

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። አስቴርና ኦነሲሞስን ያስቸገረው «ሀቱ» በቁቤ ተፈታ፤ የጠበቀው ተነባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋልና ሌባው ከመስረቁ በዓይን ይለያል። ልጆች በዚያ ፊደል መማር ጀመሩ። በወረቀት ላይ ብቻ ይኖር የነበረው መምታታት ጠፋ፤ በጆሮ ያለው ቀረ። «ዹጋ» በቁቤም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው፤ መጠጣቱና እውነቱ አልተለያዩም። አንዱ ፊደል አንዱን ቋጠሮ ይፈታል፣ ሌላውን እንደ ታሰረ ይተወዋል። ለዚህ ነው ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ ልጅ ሀብታም ነው የምለው።

ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዘልቁ፣ በቀድሞው የከፋ ግዛት፣ ገሻ የሚባል አገር አለ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚያ ደን የቡና ዘር ተወሰደ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፣ በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ። በ2004 በፓናማ የቡና ጨረታ ላይ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሽጦ ዓለምን አስገረመ። ነገር ግን ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከሉ አንዲት «አይ» ገብታበት ነበር። በዚያች አንዲት ፊደል ምክንያት የኢትዮጵያው ገሻ በዓለም ገበያ የጃፓን የኪነት ሴቶች መጠሪያ የሆነውን ቃል መስሎ ቀረ። ብዙ ጠጪ ቡናው ከጃፓን ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ ይመስለዋል። አንዲት ፊደል አንድን አገር ከገዛ ፍሬው ለየችው። የቃል ጨዋታን ተራ ነገር ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙዎቻችን የፈረንጆቹ «ኮፊ» ከከፋ የመጣ ነው ስንል እንኮራለን፤ ድምፁ ይመሳሰላልና። የቃላት ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት አብዛኞቹ ግን መንገዱን በሌላ በኩል ያሳዩናል፦ የዐረብኛው ቀህዋ፣ የቱርክኛው ካህቬ፣ ከዚያ የአውሮፓ ቋንቋዎች። ቀ ወደ ካ፣ ወ ወደ ቭ፣ ቭ ወደ ፍ ተለወጠ። እውነተኛ ፈቺ መልስ ስለ መሰለው ብቻ አይቀበልም፤ እያንዳንዱን ፊደል በየተራ ይፈትናል። ለአገራችን ክብር የሚጎድል ነገርም የለም። የዐረቢካ ቡና የተወለደው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደኖች መሆኑን ሳይንስ አረጋግጦታል፤ ለዚያ ክብር የቃል መመሳሰል አያስፈልገውም።

ለአንባቢ

ከሰና እስከ አስቴር፣ ከክፍለ ጊዮርጊስ እስከ ደስታ ተክለ ወልድ ያለውን ስናይ፣ የቃል ጨዋታ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የሊሙዋ ልጅ ሂቦ ስለምታውቅ ለቋንቋዋ የማንበቢያ መጽሐፍ ሰጠች። አለቃ አንዲትን ሠ ከአንዲት ሰ ለመለየት ዕድሜያቸውን ሰጡ። መዝገበ ቃላታችን፣ መማሪያችን፣ የፊደል ክርክራችን ሁሉ ቃልን ለመፍታት ከተቀመጠ ሰው እጅ የወጣ ነው።

ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በበደሌ ብዙ አያቶች ገና በልባቸው የያዙት እንቆቅልሽና ሂቦ አለ። በምሽት መብራት ሲጠፋ ይጠያየቁ የነበሩ ልጆች ዛሬ የየራሳቸው ስልክ ላይ አጎንብሰዋል። አያቶቹ ሲያርፉ አብሮ የሚያርፈው ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ ልጁ አያቱን አንድ እንቆቅልሽ ይጠይቅ፤ አያቱ የሚነግሩትንም በደብተር ይጻፍ። በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደልም ይሁን በቁቤ፣ የሰማውን እንዳለ ይጻፍ፤ ቀኑንና የተነገረበትን ቀበሌ ይጨምርበት። መምህራን ይህን የክፍል ሥራ አድርገው ይስጡ። አስቴር ጋኖ ከአገሯ ርቃ፣ ከትውስታዋ ብቻ፣ 500 ያህል ጽፋ አለፈች። አያቶቻችን ከጎናችን ተቀምጠዋልና እኛ ከዚያ ማነስ የለብንም።